ወፍራም ሴትም ትራባለች፦ ለካውንቲያችን የጤናና የምግብ እርዳታ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለካውንቲያችን የጤና ክፍል እና የምግብ እርዳታ ክፍል ኃላፊዎች፣

ክቡራን፣ ጤና ይስጥልን።

ይህን የምንጽፍላችሁ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባለችው ካውንቲያችን የምንሠራ ሰባት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ነን። አራቱ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከሆንዱራስና ከጓቲማላ የመጡ ናቸው። ሦስታችን ኢትዮጵያውያን ነን። በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የጻፍነው ከስድስት ሳምንት በፊት ደርሷችኋል። መልስ አላገኘንም። አሁን በአማርኛም የጻፍነው በዚያው ወረፋ የሚቆሙ፣ በዚያው ካውንቲ ግብር የሚከፍሉና ድምፅ የሚሰጡ ብዙ አበሾች ስላሉ ነው። የምናነሳው ጉዳይ በዋናነት የላቲና ሴቶች፣ ማለትም ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ ሴቶች፣ ነው። ወረፋው ግን የሁላችንም ነው።

በቀጥታ ወደ ነገሩ እንግባ።

ለአራት ዓመት ሐሙስ ማታ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት እንሰበሰብ ነበር። ሴቶቹ ከሥራ ወጥተው፣ አንዳንዶቹ የሆቴል ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ። ልጆቹ ጥግ ይዘው የቤት ሥራ ይሠራሉ። እናቶቹ ደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ይለካሉ። ከዚያ አንዷ ተነስታ ታበስላለች። የበሰለውን ተቀምጠን አብረን እንበላለን። ሲወጡ ያንኑ ምግብ ቤታቸው የሚሠሩበትን ባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላልና ዱቄት በከረጢት ይዘው ይሄዳሉ። ይኸው ነው ፕሮግራሙ። ትልቅ ስም አልነበረውም።

ባለፈው መከር ለሁለት ከፈላችሁት። ምግቡ ወደ ምግብ እርዳታ ክፍል ሄደ፤ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከከተማ ወጣ ባለ መጋዘን፣ በመኪና እየተነዳ የሚወሰድ ሆነ። የውፍረትና የስኳር ትምህርቱ ወደ ጤና ክፍል ሄደ፤ በስልክ የሚታይ የ20 ደቂቃ ቪዲዮ ሆነ። በላካችሁልን ደብዳቤ ላይ ምክንያቱ «ድግግሞሽን ማስቀረት» ነው ተብሏል። የፌዴራሉ የሥነ ምግብ ትምህርት በጀት መቋረጡም ተጠቅሷል። ይህኛው እውነት ነው። በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ለፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለምግብ መግዣ በካርድ ለሚሰጠው እርዳታ) ተጠቃሚዎች ይሰጥ የነበረውን የትምህርት ገንዘብ ከዚያው ዓመት መስከረም በኋላ ዘግቶታል። እሱን እናንተ አላመጣችሁትም። ነገር ግን ቤዝመንቱ ነጻ ነበር። ባቄላው ከዚያ በጀት አልነበረም። የምታበስለዋም ሴት ደሞዝ አልነበራትም። ታዲያ የትኛውን ወጪ ነው ያስቀረነው?

ቅሬታችን ግን ከአንድ ምሽት መዘጋት ይሰፋል። ሁለቱ ክፍሎቻችሁ አንዲትን ሴት እንደ ሁለት ሰው ነው የምታዩት። አንዱ ክፍል «ወፍራም ናት፣ ትቀንስ» ይላል። ሌላው «የምግብ ችግር አለባት፣ ይሰጣት» ይላል። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ሴትየዋ ግን አንድ ናት። ሁለቱንም ወረቀት ይዛ እኛ ጋ ትመጣለች።

ከነዚህ አንዷን ልንገራችሁ። የ41 ዓመት ሳልቫዶራዊት ናት። ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ባለፈው የብርድ ወራት ሐኪም ቤት ስኳር ሊይዛት ጫፍ ላይ መድረሷን ነገሯት። ክብደት እንድትቀንስ የሚመክር ባለቀለም ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱ ላይ የሳልመን ዓሣ አለ፣ ብሉቤሪ አለ፣ ኪኖዋ አለ። በዚያው ሳምንት ከመጋዘናችሁ የወሰደችው ካርቶን ውስጥ ያገኘነውን ቆጠርን፦ ነጭ ስፓጌቲ አራት ፓኬት፣ በስኳር ውሃ የተዘፈዘፈ የጣሳ ኮክ፣ የጣሳ በቆሎ፣ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ጭማቂ፣ ጣፋጭ የቁርስ ሲሪያልና ብስኩት። ወረቀቱንና ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችና «ሁለቱም ላይ ያለው ማኅተም አንድ ነው፤ የቱን ልመን?» አለችን። ምን ብለን እንመልስላት?

ሁለተኛዋ የሦስት ልጆች እናት ናት። ባሏ ኮንስትራክሽን ይሠራል፤ ብርድ ሲገባ ሥራ ይጠፋል። ልጆቿ እዚሁ የተወለዱ ስለሆኑ በነሱ ስም ፉድ ስታምፕ ይመጣል። ለአምስት ሰው አፍ የሚመጣው የሦስት ሰው ነው። ካርዱ ላይ ብር የሚገባው በወር አንዴ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርግ ማንኛዋም የኛ አገር እናት ታውቀዋለች። መጀመሪያ ልጆቹ ይበላሉ። ከዚያ ባል፤ ነገ ጠዋት ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው ነዋ። እሷ ድስቱ ውስጥ የቀረውን በቶርቲያ ጠርጋ ትበላለች። የቀረ ከሌለ ቡና በብዙ ስኳር ጠጥታ ትተኛለች። ብሩ ሲገባ ደግሞ ያ ሁሉ ቀን የተራበ ሰውነት ዝም አይልም። ለቀናት ትበላለች፣ ያውም ሆድ የሚሞላውንና ርካሹን። ሰው እንዲህ አንድ ሳምንት ጦሙን እያደረ፣ አንድ ሳምንት እየጠገበ ዓመት ሲቆይ ክብደቱ የሚቀንስ ይመስላችኋል? በአምስት ዓመት 18 ኪሎ ጨምራለች።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ዊልያም ዲትዝ የተባለ ሐኪም በ1995 (እ.ኤ.አ.) ረሃብ ውፍረት ሊያመጣ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ አጭር ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። መነሻው ከመጠን በላይ የወፈረች አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። ቤተሰቧ የሚኖረው በመንግሥት ድጎማ ነው። ቼኩ ከመድረሱ በፊት ባሉት ቀናት ቤት ውስጥ የሚገኘው ቅባት የበዛበት ርካሽ ምግብ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። የምግብ ዋስትና ማጣትና ውፍረት አብረው የሚገኙት በተለይ ሴቶች ላይ ነው። ወንዶች ላይ ያን ያህል አይታይም። ለምን ሴቶች? ማን መጨረሻ እንደሚበላ ብታዩ መልሱ ግማሹ እዚያ ነው። የቀረው ግማሽ ጭንቀት፣ የሌሊት ሺፍትና የእንቅልፍ እጦት ነው።

ቁጥሩም ይኸው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከጠቅላላው ቤተሰብ 13.5 በመቶው የምግብ ዋስትና አልነበረውም። በሂስፓኒክ፣ ማለትም በላቲኖ፣ ቤተሰቦች 21.9 በመቶ ነበር። ያለ አባት ልጅ በሚያሳድጉ እናቶች ቤት፣ የማንም ዘር ይሁኑ፣ 34.7 በመቶ። ውፍረቱን ደግሞ በ2017 እና 2018 የተሠራው አገር አቀፍ ልኬት እንዲህ ያስቀምጠዋል፦ ከላቲና አዋቂ ሴቶች 43.7 በመቶ፣ ከነጭ ሴቶች 39.8 በመቶ። ልብ በሉ፣ በውፍረቱ ያለው ልዩነት አራት ነጥብ አይሞላም። በምግብ እጦቱ ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ስለ ላቲና ሴት ውፍረት ስታወሩ «ባህላቸው ነው፣ ምግባቸው ነው» ለማለት የሚቸኩሉ ሠራተኞች አሏችሁ። የደረቀ ባቄላ ተቀቅሎ፣ ከበቆሎ ቶርቲያ ጋር፣ በትንሽ ጎመን! ይህን የትኛው ሐኪም ይጠላዋል? ሴቶቹ እዚህ አገር በቆዩ ቁጥር ክብደታቸው እንደሚጨምር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ይዘውት የመጡት ድስት አላወፈራቸውም። ያወፈራቸው ድስቱን የሚጥዱበት ጊዜ ማጣታቸው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናዘዝ። ጥፋቱ ሁሉ የቢሮ ነው ማለት አንችልም። ከመካከላችን አንዷ፣ ይህን የምጽፈው እኔ፣ መጀመሪያ ዓመት ላይ ምግብ ሳድል አንዲት ወፍራም ሴት ሁለተኛ ከረጢት ጠየቀችኝ። ዞር ብዬ ለጓደኛዬ በአማርኛ «እቺ ደግሞ ምን አጥታ ነው?» አልኩ። በኛ አገር ወፍራም ማለት የተመቸው ማለት ነዋ። ሰው አግኝተን «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል» ስንል እያመሰገንን ነው። ላቲኖቹም «ጎርዲታ» ይላሉ፤ ወፍሬ ማለት ነው፤ የፍቅር ስም ነው። ሴትየዋ አማርኛ አትሰማም። አስተያየቴ ግን ገብቷታል። ሁለተኛ ከረጢት ሳትወስድ ሄደች። በኋላ እንደሰማሁት ሁለተኛው ከረጢት ወገቧን ለተጎዳች ጎረቤቷ ነበር። እኔ ያኔ በዓይኔ የሠራሁትን፣ የናንተ ቢሮ ዛሬ በቅጽ ይሠራዋል።

እንዴት? ክሊኒኮች የሚጠቀሙባቸው ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። ባለፉት 12 ወራት ሌላ መግዣ ገንዘብ ሳናገኝ ምግባችን ያልቅብናል ብላችሁ ሰግታችኋል ወይ? የገዛችሁት ምግብ ሳይበቃችሁ ቀርቶ መግዣ አጥታችሁ ታውቃላችሁ ወይ? ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። ለሁሉም ሰው መጠየቅ አለባቸው። የሁለት ልጆች እናት የሆነች አንዲት ሆንዱራሳዊት ክሊኒክ ሄዳ ስትመለስ ወረቀቷን አየነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ላይ «አይ» ተብሎ ተሞልቷል። «ጠይቀውሽ ነው?» አልናት። አልጠየቋትም። ነርሷ ቀና ብላ አይታት ሞልታዋለች። ሌላዋን ደግሞ ጠይቀዋታል፤ ያስተረጎመላት ግን የ11 ዓመት ልጇ ነው። የትኛዋ እናት ናት በልጇ አፍ «አዎ፣ እራት ሳልበላ አድራለሁ» የምትል? ልጁ እኮ የበላው የሷን ድርሻ ነው።

ስለ ቋንቋ ካነሳን አይቀር፣ ሁሉም ላቲና ስፓኒሽ አይናገርም። ከጓቲማላ ደጋ ከመጡት መካከል ማም የሚባለውን የማያ ቋንቋ የሚናገሩ ብዙ አሉ። ስፓኒሽ ለነሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ለአንዳንዶቹ ጭራሽ አይገባቸውም። በስፓኒሽ የተጻፈ ወረቀት ሰጥቶ «አስረድተናል» ማለት ኦሮምኛ ብቻ ለምትሰማ እናት የአማርኛ ወረቀት ሰጥቶ «አበሻ አይደለሽ እንዴ?» እንደማለት ነው። ይህ በኛም ደርሷል፣ በደንብ እናውቀዋለን። የ20 ደቂቃው ቪዲዮም በስፓኒሽ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የስልክ ዳታዋን ይበላል።

የመጋዘኑን ነገር በአጭሩ። በመኪና እየተነዳ ይወሰዳል አላችሁ። መኪና የሌላት በእግር እንዳትገባ ዘበኛው ይመልሳታል፤ «ለደኅንነት» ነው። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ በር ላይ ቆማ፣ የማታውቀውን ሰው «በመኪናህ አስገባኝ» ብላ የለመነች ሴት አለች። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ደግሞ ሆቴል የሚጸዳበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን የመረጠው ሰው ይህን ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ፍርሃቱን ግን በአጭሩ ማለፍ አንችልም። በ2019 ወጥቶ በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ፉድ ስታምፕ የተቀበለ ሰው ግሪን ካርድ ሊከለከል ይችላል ይል ነበር። በመጋቢት 2021 ተነሳ። በወረቀት ላይ ማለታችን ነው። ሴቶቹ ልብ ውስጥ አልተነሳም። እንዲያውም አሁን ባሰበት። ልጆቿ አሜሪካዊ ዜጎች ሆነው የነሱን ፉድ ስታምፕ ያሰረዘች እናት አለች። ዊክ (WIC) ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚሰጥ የምግብ እርዳታ ነው፤ ስለ መኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። ያንንም ፈርታ ትታዋለች። ከ2009 ጀምሮ ዊክ ለአትክልትና ፍራፍሬ የተለየ ገንዘብ ይሰጣል። ስለዚህ ስትፈራ መጀመሪያ የሚቀርባት ያ ጎመን ነው። ከጎረቤት ሱቅ በዱቤ የምታገኘው ደግሞ ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሶዳ ነው። ከናንተ ቢሮ «የቱ ያስጠይቃል፣ የቱ አያስጠይቅም» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ለምነን ነበር። የሕግ ክፍሉ እያየው ነው ተባልን። ስምንት ወር ሆነው።

ይህ የላቲና ሴቶች ብቻ ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን ሊዘጋ የተዘጋጀ አበሻ ካለ ጥቂት ይታገሰን። ያው የ2025ቱ ሕግ ስደተኛ ሆነው የመጡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ፉድ ስታምፕ እንዳያገኙ አድርጓል። ይህ ማን ቤት እንደገባ እናንተም ታውቃላችሁ። ባለፈው ወር አንዲት የደሴ ልጅ፣ ጥገኝነቷ ገና የጸደቀላት፣ ሐሙስ ማታን ፈልጋ መጥታ በሩ ተዘግቶ አገኘችው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ስንት ቤተሰብ ምግብ እንደሚያጣ በየዓመቱ ሲቆጥር የኖረበትን ጥናት እንደሚያቆም በመስከረም 2025 አሳውቋል። ከላይ የጠቀስናቸው ዓይነት ቁጥሮች ወደፊት ላይኖሩ ነው። ከእንግዲህ እናንተ ካልቆጠራችሁ ማን ይቆጥራል?

የምንጠይቀው ይህን ነው።

ሐሙስ ማታን መልሱልን። ምግቡና ምርመራው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ምሽት፣ ልጆች ባሉበት ይሁን። ቦታውን እኛ እናመጣለን። ከናንተ የምንፈልገው ባቄላውን፣ እንቁላሉንና ጎመኑን፣ በተጨማሪም አንዲት ነርስ ለሁለት ሰዓት።

ሁለቱ ጥያቄዎች ክሊኒክ ለምትገባ ሴት ሁሉ ይጠየቁ፤ ቀጭንም ትሁን ወፍራም። ለብቻዋ፣ በሠለጠነ አስተርጓሚ፣ ልጅ ሳያስተረጉም። መልሱም ተቆጥሮ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ሴቶቹን መመዘን የግድ ከሆነ መጋረጃ ይኑር። ወረፋ ፊት ኪሎ ጮክ ብሎ መጥራት ይቁም።

ካርቶኑ ይቀየር። የተዘፈዘፈው ኮክና ጭማቂው ይቅር። የደረቀ ባቄላ፣ የቶርቲያ በቆሎ ዱቄት፣ ሩዝ፣ እንቁላልና ያልተቀነባበረ አትክልት ይግባ። ለኛዎቹ ደግሞ ምስርና ሽሮ ቢጨመር አንጠላም። ባለቀለሙን ወረቀት ከሳልመን ፎቶ ጋር ለሌላ ሰው ስጡት። በሱ ፋንታ ከካርቶኑ ውስጥ ባለው ዕቃ ምን እንደሚሠራ ሴቶቹ ራሳቸው ይናገሩ፣ እኛ እንጽፈዋለን።

የሚያበስሉትና ቤት ለቤት የሚሄዱት ሴቶች ደሞዝ ይከፈላቸው። ላቲኖቹ «ፕሮሞቶራ» ይሏቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየመንደሩ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያው ናቸው። እነሱ እንኳ በዚያ ድህነት ደሞዝተኛ ናቸው። ሀብታም በሚባለው ካውንቲያችን በነጻ እንዲሠሩ መጠየቃችን ያሳፍረናል።

ማከፋፈያው በእግር ለመጣ ሰውም ይከፈት፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ። በስፓኒሽ፣ በማምና በአማርኛ በድምፅ የተቀዳ መረጃ ይዘጋጅ፤ ማንበብ የማትችልም አለችና። ያ አንድ ገጽ ወረቀትም ከሕግ ክፍሉ መሳቢያ ይውጣ።

እስከዚያው ሐሙስ ሐሙስ ቤዝመንቱ ውስጥ ያለ ምግብም ቢሆን እንገኛለን፤ ቁልፉ እኛ ጋ ነው። ከሁለታችሁም ክፍሎች አንድ አንድ ሰው መጥቶ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያነጋግረን። ቀኑን በጽሑፍ በ30 ቀን ውስጥ አሳውቁን። ቡናውን እናፈላለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሐሙስ ማታ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች
(አራት ፕሮሞቶራዎችና ሦስት ኢትዮጵያውያን ጤና ሠራተኞች)

ግልባጭ፦
ለካውንቲው ምክር ቤት አባላት
ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ
ወረፋ ላይ ለምንገናኝ ሁሉ